የጎማው ቀመርና የወንድሜ ደም ሥር

ባሕር ዳር የምህንድስና መምህርት ነኝ። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ «ጎማ እስባለሁ» እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ቀጭን የጎማ ቁራጭ ማሽን ላይ አስሬ እስበዋለሁ፤ ከዚያ ጠባዩን የሚገልጽ ቀመር እፈልግና ኮምፒውተሩ ከማሽኑ ጋር ይስማማ እንደሆነ አያለሁ። ጎማ እንደ ብረት በአንድ ሕግ የሚመራ ነገር አይደለም። መጀመሪያ እሺ ብሎ ይለጠጣል፤ ኋላ ላይ ድንገት ይጠነክራል። አንዴ በደንብ ከተሳበ ደግሞ በሁለተኛው ይለሰልሳል፤ የቀድሞ ጉልበቱ አይመለስለትም።

ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። አባታችን ሲሞቱ እኔ ገና ፊደል አልቆጠርሁም ነበር። ወንድሜ ዘጌ ካሉት አድባራት በአንዱ መሪጌታ ሆነው ድጓ ያስተምሩ ነበር፤ እኔን ግን አስኳላ አስገቡኝ። ዘመድ ለትዳር ሲጠይቀኝ «ተዉአት፣ ትማር» እያሉ መለሱ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ከአንቱ በቀር ሌላ ጠርቻቸው አላውቅም።

አንድ ጊዜ ለጉዳይ ከተማ ሲመጡ ቤተ ሙከራ ወሰድኋቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ አጎንብሰው ጎማው ሲሳብ አዩ። ሲበጠስ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉና በራሳቸው ሳቁ። ከየት በኩል እንደሚበጠስ አስቀድሜ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ብዙ ጊዜ የምናውቀው ከተበጠሰ በኋላ ነው አልኋቸው። ለዚህ ነው እስከዛሬ ስትማሪ የኖርሽው ብለው ቀለዱብኝ።

ሕመሙ በወገባቸው ጀመረ። ማሕሌት መቆም ያመጣው ድካም ነው ብለው ችላ አሉት፤ ጠበልም ተጠመቁ። አንድ ቀን ባለቤታቸው ሆዳቸውን ስታሽ እንደ ልብ የሚመታ ነገር ከእምብርታቸው በላይ በእጇ ዳሰሰች። ያን ጊዜ ደወለችልኝ።

ሆስፒታል ያገኘነው ሐኪም ወጣትና ትሑት ሰው ነበር። ከልብ የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር ሆዳቸው ውስጥ እንደ ፊኛ ተነፍቷል፤ ግድግዳው ሳስቷል አለን። ሊያስረዳኝ ብሎ «ያረጀ ላስቲክ አስቢ» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ ሥራዬ እሱ መሆኑን አልነገርሁትም። ቀዶ ጥገናው እዚህ አይሠራም፤ አዲስ አበባ ተራ መያዝ ነበረብን።

የደም ሥር ግድግዳ የሚጠናው ጎማን በምናጠናበት ዓይነት ቀመር ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ራሴ አስተምሬዋለሁ። ስለዚህ የሲቲ ስካኑን ምስል ተቀብዬ ቢሮዬ ገባሁ፤ የወንድሜን የደም ሥር ቅርጽ ኮምፒውተር ላይ ሠራሁት። ቅርጹ ተጠናቅቆ ስክሪኑ ላይ ሲዞር እጄን ከመዳፊቱ አነሣሁ። ሰው የወንድሙን ፊት ያያል እንጂ ይህን አያይም።

የደም ግፊታቸውን አስገባሁ። በጀርባ በኩል ያለው ጎን ቀላ፤ ጫናው የበዛው እዚያ ነው ማለት ነው። ግን ግድግዳው ምን ያህል እንደሚችል ማወቅ ነበረብኝ። ጎማ ቢሆን ቆርጬ እስበዋለሁ። የወንድሜን ደም ሥር ከየት ቆርጬ ልሳብ? ሌሎች ሰዎች ላይ የተለካውን የግድግዳ ጥንካሬ ሳስገባ አንዱ ደህና ናቸው ይላል፤ ሌላው ዛሬውኑ ይፈነዳል ይላል። ሒሳቡ ላይ ስሕተት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

ያን ሰሞን ወንድሜ ከተማው ዳር፣ ዘንዘልማ ባለው ቤቴ ነበሩ። ከሥራ ስገባ ደጅ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ያ ማሽንሽ ስለ እኔ ምን አለ?»

«ምንም አላለም፣ ጋሼ።»

«አንቺስ?»

«እኔም አላውቅም።»

 ከዚያ ተራው እስኪደርስ ዘጌ ተማሪዎቻቸው ዘንድ እንድወስዳቸው ለመኑኝ። ሐኪሙ ከሆስፒታል እንዳይርቁ መክሮናል አልኋቸው። እዚህስ ቢሆን የሚቀድደኝ ሐኪም መቼ አለ አሉኝ። 

የመኪናው መንገድ ስለሚያንገጫግጭ በጀልባ ሄድን። ጣና ያን ቀን ረግቶ ነበር። በሐይቁ ዳር የበቀለውን ደንገል ካለፍን በኋላ ወንድሜ ትከሻዬ ላይ ራሳቸውን ጣል አድርገው አንቀላፉ። እኔ ነበርሁ በእሳቸው ትከሻ ያደግሁት፤ እሳቸው እኔን ሲደገፉ ያ የመጀመሪያው ነበር። እንዳይነቁ ብዬ እስክንደርስ አልተነቃነቅሁም።

እሳቸውን ዘጌ ትቼ ባሕር ዳር ከተመለስሁ በኋላ፣ ተራው ደርሷል ተብሎ ከአዲስ አበባ ሲደወልልኝ በደስታ ቆሜ ነው የሰማሁት። ባለቤታቸው ለመንገድ ልብሳቸውን አጠበች። ከጉዟችን በፊት በነበረው ጠዋት፣ ዜማ እያስጠኑ ሳለ ወገባቸውን ይዘው ተቀመጡ። የከበቧቸው ተማሪዎች መጀመሪያ ደክሟቸው የተቀመጡ መስሏቸው ዜማውን ቀጥለው ነበር አሉ። ጀልባ ተፈልጎ እስኪመጣ አልቆዩም። እኔ ስደርስ ተገንዘው ነበር።

በአርባቸው ሐኪሙ ዘጌ ድረስ መጣ። ሥራዬን ከሰው ሰምቶ ኖሮ፣ የሌሎች ሕሙማንን ምስል አብረን እንድናጠና ጠየቀኝ። አሁን አልችልም አልሁት። አልተጫነኝም። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ራሴ ሄድሁ።

አሁን ምስል ይልክልኛል። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ የቀመሩ ጉድለትም እንዳለ ነው። በቅርቡ ከቆላ ድባ የመጡ የአንድ ገበሬ ምስል ደረሰኝ። ልጃቸው ስልኬን ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፤ ደወለችና «አባቴ እንዴት ናቸው?» አለችኝ። የማውቀውን ያህል ነገርኋት፤ የማላውቀውንም እንደማላውቀው ነገርኋት። አመሰገነችኝ። ስልኩን ስዘጋ ቢሮዬን ከውስጥ ቆልፌ አለቀስሁ።