ቅሬታ የሌላቸው ገዥ

ቅኝ ያልተገዛን ሕዝብ ነን እያልኩ ስኩራራ ኖሬ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ስዊድን አገር ቬሊንግቢ የሚባል ሰፈር አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ገዙኝ። ሥራዬ ሄምሸንስት ነው፤ አቅም ያነሳቸውን አዛውንት ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መርዳት። እኒህ ሰውዬ ዘንድ ጠዋትና አመሻሽ ላይ እሄድ ነበር። ከምኖርበት ከኖርስቦሪ ተነስቼ፣ ባቡር ቀይሬ ስደርስ፣ በራቸውን ከፍተው ሰዓታቸውን እያዩ ይጠብቁኛል።

"ባቡሩ ቆሞብኝ ነው" ስላቸው፣ "ግመል አይቆምም ነበር" ይሉኛል። የምናወራው በስዊድንኛ ነው። ቋንቋው አንቱታ ስለሌለው እኔ በልቤ እየጨመርኩ ነው የማዋራቸው።

ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው። ስዊድናዊት ነርስ አግብተው እዚህ ከመቅረታቸው በፊት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ መቶ አለቃ ነበሩ። ከጦሩ ሲወጡ ከሞያሌ ማዶ ያለውን፣ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ የነበረውን በረሃ እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ፤ ያኔ ገና ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ዳኛው እሳቸው፣ የፖሊስ አዛዡ እሳቸው፣ ግብር ሰብሳቢው እሳቸው። የእኔ ልጅ ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ካልሲውን እንኳ ማስተዳደር አልቻለም። "ለመሆኑ የአገሩን ሰው ማን እንዲገዛው እንደሚፈልግ ጠይቃችሁት ነበር?" አልኳቸው አንድ ቀን። አሰብ አደረጉና "ቅጹ ላይ ያ ጥያቄ አልነበረም" አሉኝ።

በረሃው ከእጃቸው ቢወጣም ሹመታቸውን አልመለሱም። ሁለት ክፍል ቤታቸውን ያስተዳድራሉ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ስኒዎቹ ጆሯቸውን ወደ ቀኝ አዙረው ይሰለፋሉ። እኔ በየዓርቡ አንዷን ሆን ብዬ ወደ ግራ አዞራታለሁ፤ እሳቸው መልሰው ያስተካክሏታል። በየቀኑ በእንግሊዝኛ የሚጽፉበት ደብተር አላቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነው የሚውለው። "ሠራተኛዋ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደረሰች። ሰማዩ ደመና ነው። ቅሬታ የለም።" ሁልጊዜ መጨረሻው ይኸው ነው።

አንድ ጠዋት፣ ጣታቸው እንቢ ስላላቸው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ስቆልፍላቸው፣ የውሃ ጉድጓዱን ነገር አወሩኝ። ሁለት ጎሳዎች በውሃው ተራ ተጣልተው እሳቸው ሊዳኙ ሄዱ። የአንደኛው ወገን ሽማግሌ ምን በደል እንዳለው ቢጠየቅ፣ "ደህና ነን፤ ቅሬታ የለንም" አለ። እሳቸውም እንዳለው ጻፉና ተራውን ለሌላኛው ወገን ሰጡ። ዝናብ እስኪመጣ የሽማግሌው ከብቶች አለቁ።

"ኩሩ ሰው ነበር" አሉኝ። "በልጅ ፊት ችግሩን መናገር አፍሮ ነው። ይኼ የገባኝ ካረጀሁ በኋላ ነው።"

ላጽናናቸው አልፈለግሁም። ከብቶቹ የሰው ነበሩ።

በዚያው ሰሞን ከኮሚዩኑ፣ ከአካባቢው አስተዳደር፣ ሃንድሌጋሬዋ መጣች፤ ማን ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልገው የምትወስነው ሠራተኛ ናት። የመጣችው የአመሻሹ እርዳታ ይቀጥል አይቀጥል እንደሆነ ልታይ ነው። ሰውዬው ግን ከበላይ የመጣ ጉብኝት አደረጉት። ክራባት አሳሰሩኝ፣ ጫማቸውን አስወለወሉኝ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

"ራስዎ ይለብሳሉ?"

"አዎ።" ክራባቱን ካሰርኩላቸው ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም።

"ራትዎን ራስዎ ያሞቃሉ?"

"አዎ።" ድስቱን ከምድጃው ማንሳት አይችሉም፤ አመሻሽ ላይ የማሞቅላቸው እኔ ነኝ።

"የሚቸግርዎት ነገር አለ?"

"ቅሬታ የለኝም።"

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ያደግሁበት ቤት ደግሞ ሽማግሌን እንግዳ ፊት አያሳፍርም። ይሉኝታ አፌን ያዘኝና "እውነታቸውን ነው" አልኩ። ሁለት ኩሩ ሞኞች አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ሸኘናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ የአመሻሹ እርዳታ ቀረ።

ወር ሳይሞላ ሱሪያቸው ሰፋቸው። ቀበቷቸው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስተዋል። ጠዋት ስገባ ራት የበሉበት ሳህን ላይ የብስኩት ፍርፋሪ ብቻ አገኛለሁ። በመጨረሻ ተናደድኩ።

"ያን ሽማግሌ ዛሬ ቢያገኙት ምን ይሉታል?"

"ተናገር እለዋለሁ።"

"እንግዲያው እርስዎም ይናገሩ!"

"አልችልም" አሉ።

ስልኬን አወጣሁና እዚያው ፊታቸው ለሃንድሌጋሬዋ ደወልኩ። የሸሚዙን ቁልፍ፣ ድስቱን፣ ብስኩቱን፣ ቀበቶውን፣ የእኔንም ውሸት ጨምሬ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም ተመልሳ እንደምትመጣ ነገረችኝ። ሰውዬው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል፤ ጆሯቸው ቀልቷል። ስወጣ ደህና ዋዪም አላሉኝም።

በማግስቱ ስገባ መኝታ ቤታቸው ነበሩ። ደብተሩ እንደወትሮው ተከፍቷል፤ አሁን ግን ወደ እኔ ወንበር ዞሮ ነው።

"ሠራተኛዋ በእኔ ላይ ቅሬታ አቀረበች። መረመርኩት። እውነቷን ነው።" ከሥሩ፣ ቅሬታ የለም የሚለው ይጻፍበት በነበረው ቦታ ላይ፣ አንድ መስመር ተጨምሯል፦

"ማታ ማታ ይርበኛል።"