ብጫዋ ኪኒን

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ትዕግሥት ሰርግ ልትሄድ ተጣድፋ ለሁለት ዓመት ልጇ ሽሮፕ በማንኪያ ስትቀዳ ደረስኩባት። ልጁ ምንም አላመመውም።

«ይተኛልኝ ብዬ ነው እማማ» አለችኝ እየሳቀች።

ጠርሙሱን ነጥቄ ደጅ ደፋሁት።

«ምን ነካዎት? የአለርጂ ሽሮፕ እኮ ነው! ያለ ማዘዣ ነው የሚሸጠው!»

ባዶውን ጠርሙስ አስጨብጬያት ወጣሁ። የተቆጣሁት በእሷ ብቻ አልነበረም።

በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ አሶሳ ስንመጣ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ማንበብ ስለምችል የመድኃኒት ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ክረምት ገብቶ በቆሎው ሲረዝም ወባው በረታ። የክሊኒኩ የወባ ኪኒን ይመራል፤ ከመምረሩ ይልቅ ግን ማሳከኩ ነበር የሚያንገበግበን። ትልልቅ ሰዎች ጀርባቸውን በበቆሎ ቆረቆንዳ ሲፈትጉ ያድራሉ። በዚህ መሐል ገበያ ላይ ጨርቅ ዘርግቶ ብጫ ኪኒን የሚሸጥ ሰውዬ መጣ።

«ለሚያሳክከው፣ ለጉንፋን፣ እንቅልፍ ለነሳው! ሁሉንም ታሳርፋለች!»

እውነቱን ነው፤ ታሳርፍ ነበር።

እህቴን ዘምዘምን ወባ ያዛት። አምስት ዓመቷ ነበር። የክሊኒኩን ኪኒን በዋጠች ቀን ገላዋ እስኪደማ አከከች። «እታለም፣ ሁለተኛ አትስጪኝ» ብላ እግሬን ያዘች። የቀረውን ኪኒን በቆሎው ውስጥ ወረወርኩት። በምትኩ ብጫዋን፣ ትልቅ ሰው የሚውጠውን ያህል ሰጠኋት። ተኛች። እናቴ ከወል እርሻው ስትመለስ የክሊኒኩ ኪኒን የሠራ መስሏት «እሰይ፣ የእኔ ሐኪም!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ማታ ደገምኩላት። በማግስቱ ጠዋትም።

ቀትር ላይ የአገሬው የበርታ ሰው የሆነችው ጎረቤታችን ፋጡማ ባሚያ ልታካፍለን መጣች። ዘምዘምን ነካካቻት፤ የዓይኗን ቆብ ገለጥ አደረገች።

«ይሄ ልጅ እንቅልፍ አይደለም!» ብላ በተሰባበረ አማርኛዋ ጮኸች። «ዝም አለ ብላችሁ ደስ አላችሁ? ወላሂ ልጁ ሄደ! ተነሱ!»

ጭቃውን እየረገጥን፣ በየተራ አዝለናት ክሊኒክ ደረስን።

«ምን ሰጣችኋት?» አለ ጤና ረዳቱ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«የእናንተን ኪኒን ብቻ» አልኩ።

ዘምዘም ሳይመሽ ሞተች።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ገባ። የክሊኒኩ ኪኒን ልጅ ገደለ ተባለ። ሰው ኪኒኑን እየጣለ ወደ ብጫዋ ዞረ። በዚያ ክረምት በወባ ከየጎጆው የወጣውን ሬሳ አልረሳሁም። ሰውዬው ጨርቁን ጠቅልሎ ወደ መንጌ ገበያ ሄደ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ጥርሴን እነክሳለሁ። ግን እሱ የሸጠው ኪኒኑን ነው፤ ውሸቱ የእኔ ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ ክሊኒኩን ስትረግም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማ ነበር።

ትዕግሥት እስካሁን አኩርፋኛለች። ሽሮፑ የብጫዋ ኪኒን ዘር ነው፤ ያለ ማዘዣ ይሸጣል ማለቷ ትክክል ነው። ለሚያሳክከው፣ በልኩ፣ ይጠቅማል። ልጅ ዝም ማሰኛ ግን አይደለም። ነገ ይህን የጻፍኩትን ወረቀት በእጇ እሰጣታለሁ። ጤና ረዳቱ ለጠየቀኝም መልሱ ይኸው፦ ብጫዋን ኪኒን፤ ሦስት ጊዜ። የሰጠኋት እኔ ነኝ።