ጨጓራ የሚሉት ሕመም

የብረት መቀርቀሪያ ሲሳብ በሰማሁ ቁጥር፣ የትም ብሆን፣ እናቴ እየወጣች ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን የተከራየነው ቤት መቀርቀሪያው ሲከፈትም ሲዘጋም ይጮህ ነበር፤ እናቴ በሩን ከፍታ ትወጣለች፣ ግቢውን ትዞራለች፣ ተመልሳ ትዘጋዋለች፣ የጣደችው ሻይ ሳይፈላ እንደገና ትከፍተዋለች።

ከድሬዳዋ የመጣነው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ሲቀጠር፣ በጥቅምት ነበር። ድሬ ሴቶቹ ከሰዓት በኋላ ደጅ ምንጣፍ አንጥፈው ይቀመጡ ነበር፤ አንዷ ዝም ካለች ምን ሆነሽ ነው እያሉ ይጨቀጭቋታል፣ ታለቅሳለች፣ ይቆጧታል፣ ያስቋታል፣ ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ደብረ ብርሃን ግን ሰው ከብርዱ የተነሣ በሩን ዘግቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ኀዘኑንም እንደዚያው ሸፍኖ ይኖር ነበር። «ሆድ ይፍጀው» ይሉ ነበር።

በታኅሣሥ ውርጩ ሲበረታ እናቴን እንቅልፍም ምግብም እምቢ አላት። ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ወረፋ ለሚጠብቁት ሴቶች፣ እንደ አገሯ ልማድ፣ ደረቷ ላይ ድንጋይ የተጫነ እንደሚመስላት፣ ያለ ምክንያት አልቅሺ አልቅሺ እንደሚላት ነገረቻቸው። ደነገጡ። በሳምንቱ ሰፈሩ የቆላ ዛር ተከትሏት መጥቷል ይል ጀመር። በክፋት አልነበረም፤ አንዷ ቆሎ፣ ሌላዋ ጠበል በጠርሙስ ይዘው ይመጡ ነበር፣ ግን ከደጃፉ አያልፉም። ልጆቻቸውም ከእኔ ጋር መጫወት ተዉ።

የቤቱ ባለቤት እትዬ የሺ የአንኮበር ሰው፣ የቄስ ሚስት ነበሩ። አባቴን ጠርተው አንኮበር ወርዳ ጠበል እንድትጠመቅ መከሩት፤ እሱ ግን ብርዱን ስትለምደው ይተዋታል ብሎ አልሰማቸውም። ጤና ጣቢያ ሲወስዳትም የጤና መኮንኑ የት እንደሚያማት ጠየቃት፣ የትም እንደማያማት፣ ሰው እንደናፈቃት ብትነግረው ቫይታሚን ጽፎ ሸኛት። እትዬ የሺ ደግሞ ከዚያው ጤና ጣቢያ ለዓመታት የጨጓራ ኪኒን ይወስዱ ነበር፤ ምን ቢበሉ፣ ምን ቢጾሙ፣ ከሆዳቸው ተነሥቶ ጉሮሯቸው ላይ የሚቆመው ቃጠሎ አይለቃቸውም ነበር።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘሁት። ዝናብ ይወርዳል፣ የእናቴ ካፖርት ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ እሷ ግን የለችም። ለእትዬ የሺ ነገርኳቸው፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እጄን ይዘው፣ የሰፈሩን ሰው አንድም ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው ወደ መናኸሪያው ወሰዱኝ። እንዴት እንዳወቁ ያን ጊዜ አልገባኝም።

እናቴ ከቲኬት መቁረጫው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ በስብሳ፣ የሚወጡትን አውቶቡሶች ታያለች። ሻንጣ አልያዘችም።

«ጥለሽን ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«አላውቅም» አለችኝ። «እግሬ ነው ያመጣኝ።»

ስለ ዛሩ ያነሣሉ ብዬ ስጠብቅ እትዬ የሺ አጠገቧ ተቀመጡ። እሳቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እየመጡ እንደሚቀመጡ ነገሯት። ልጃቸው ባሕር ተሻግሬ ዓረብ አገር እገባለሁ ብሎ ከዚያ ተሳፍሮ ከሄደ፣ ድምፁም ከጠፋ አራተኛ ዓመቱ ነበር።

«ለሰው ጨጓራ ነው እላለሁ» አሉ። «ጨጓራ አይደለም።»

እናቴ ወደ እሳቸው ዞራ «ስሙ ማነው?» አለቻቸው።

ቁስላቸውን ላለመንካት ብሎ ያንን ስም ሰፈሩ ውስጥ ማንም አይጠራም ነበር። እትዬ የሺ «ደረጀ» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። እናቴ ግን ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት ድረስ ጮኻ አለቀሰች። እኔ አፈርኩ፤ እጇን ግን አልለቀቅኩም።

ጳጉሜን ላይ ሁለቱ ተያይዘው አንኮበር ወረዱ፣ ተጠምቀውም ተመለሱ። የረዳት ጠበሉ ይሁን መንገዱን ሙሉ ያወሩት፣ እናቴ ለይታ ተናግራ አታውቅም። መስከረም ሲጠባ እሷ በተራዋ እትዬ የሺን ጤና ጣቢያ ወስዳ፣ የሚያማቸው ሆዳቸው ሳይሆን ልጃቸው መሆኑን ለመኮንኑ ነገረችው፤ እሱም እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው፣ ሆስፒታል ውስጥ ወዳለች የአእምሮ ሕክምና ነርስም ላካቸው። ደረጀ አልተመለሰም። የእናቴም ጭንቀት ጥቅምት በመጣ ቁጥር ይነሣባት ነበር፤ ነገር ግን መቀመጥ ሲያቅታት የምትገባበት ቤት ነበራት።

ዛሬ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። እኛ ለሕመሙ ስም አንቸገርም፤ ድብርት እንላለን፣ ጭንቀት እንላለን፣ በስልክ አይዞሽ ተባብለን እንዘጋለን። ባለፈው ዓርብ ከጋምቤላ ተዛውራ የመጣች ባልደረባዬ ራሷን እንደሚያማት ነገረችኝ፣ ከመሳቢያዬ ኪኒን አውጥቼ ሰጠኋት፣ አመስግናኝ ሄደች። ማንን ጥላ እንደመጣች እንኳ አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው። ቅዳሜንም እሑድንም እንዲሁ ስነሣና ስቀመጥ ዋልኩ።