የታድሎን ጽዋ ይዘን በዝናብ ወደ ቁይ

በዚያ ቀን መንገድ የወጣነው አራት ነን። ይበልጣል፣ የሂሳብ መምህሩ፤ ቀዩ ሞተር የእሱ ነው። ሙሉቀን፣ ከተማ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳው፤ ለዚያ ቀን የወንድሙን ጥቁር ሞተር ተውሶ መጣ። ሰላማዊት፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራው፤ በማኅበራችን በእናቷ ቦታ የገባች። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ከይበልጣል ኋላ ተቀምጬ ሄድኩ። አምስተኛው ታድሎ ነው፤ እሱ ግን ያለው መንገዱ መጨረሻ ላይ ነበር።

የሄድንበት ጉዳይ ይህ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከወላጆቻችን የወረስነው የማርያም ማኅበር አለን። ወር በገባ በሃያ አንድ ከአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል። ሲያበቃ ጽዋው፣ ያ ክዳን ያለው የሸክላ ዕቃ፣ ጠላ ተሞልቶ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። የተቀበለው ሰው ወሩን ሙሉ ቤቱ አኑሮት በሚቀጥለው ሃያ አንድ ይደግሳል። በሐምሌ ጽዋ የመቀበል ተራው የታድሎ ነበር። እሱ ግን አባቱ በመኸር ካረፉ ወዲህ ከቁይ ወዲያ ወዳለው አገሩ ገብቶ፣ እርሻውን ይዞ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ አንድም ሃያ አንድ አልመጣም። የማኅበሩ መሪ፣ እኛ ሙሴ የምንላቸው ጋሽ ፈንታ፣ በሐምሌው ማኅበር ላይ ነገሩን ቆረጡት።

"ይህን ከተቀበለ የእኛ ነው፤ ካልተቀበለ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አባቶቻችን ዐሥራ ሁለት ሆነው ነው ያስረከቡን፤ ጎድለን አንኖርም።"

"እኛ እናደርስለታለን" አለች ሰላማዊት፣ ማንም ሳይቀድማት።

አስቀድመን እንደውልለት ያለ ሰው አልነበረም። በእኛ ዘንድ ጽዋ ትቀበላለህ ወይ ተብሎ ሰው አይጠየቅም፤ መጠየቁ ሰውየውን እንደ መጠርጠር ነው። ይወሰድለታል፣ ይቀበላል፣ አለቀ። ታድሎ ለገበያ ቁይ ወጥቶ ኔትወርክ ሲያገኝ ይደውልልን ነበር። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬው፣ ስለ ሰው ጤና እናወራለን። ለምን ከማኅበሩ እንደቀረ ግን አንድም ቀን አልጠየቅነውም። እንዳናስቀይመው ብለን ነው።

ከማርቆስ ስንወጣ

ከማኅበሩ ስንወጣ የጀመረው ዝናብ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ በማግስቱ ጠዋት ካፊያ ሆነ። በጮቄ በኩል ጉሙ እስከ እርሻው ወርዶ ተራራው አይታይም። መንገዱ በዚያ ሰሞን ክፍት ነው ይባል ነበር። ክፍት በተባለ ቀን ያልሄደ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚሄድ አያውቅም፤ ስለዚህ እስኪያባራ አልጠበቅንም። ሰላማዊት ጽዋውን በነጠላ ጠቅልላ አገልግል ውስጥ አስቀመጠችው፣ አገልግሉን በላስቲክ ሸፈነችው፣ ከሙሉቀን ኋላ ተቀምጣ ጭኗ ላይ አቀፈችው። ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች።

"ጀርባዬን አደራ" አላት ሙሉቀን። "ጠላ ጠላ ከሸተትኩ ትራፊኩ ጠጥቶ ነው የሚነዳ ይለኛል።"

"አንተ ጉድጓድ እየመረጥክ ካልገባህ አይፈስም።"

"ጉድጓዱ ነው እኔን የሚመርጠኝ።"

ማደያው ሰልፍ ስለነበረ በመንገድ ዳር በሃይላንድ ከምትሸጠው ሴት ቤንዚን ገዛን። ዋጋው የማደያው እጥፍ ነው። ይበልጣል ሊከራከር ሲጀምር "መምህር፣ ዝናብ ላይ ቆሜ ነው የምሸጥልህ" አለችው፤ ክርክሩን ትቶ ከፈለ። በአስፋልቱ ላይ ከደጀን በኩል የሚመጡት ከባድ መኪኖች ባለፉን ቁጥር ውኃውን በባልዲ እንደሚደፋ ሰው ይለቁብን ነበር። ጫማዬ ውስጥ ውኃ የገባው ገና ከከተማው ብዙ ሳንርቅ ነው።

ፒስታው

ደጀን ሳንደርስ ወደ ግራ ታጥፈን ፒስታውን፣ የጠጠሩን መንገድ፣ ያዝን። ከዚህ በኋላ መንገዱ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ጉብታውን ይዞራል፣ ሸለቆ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። የሙሉቀን ሞተር በየመታጠፊያው ይሰወርና ድምፁ ብቻ ይቀራል፤ እንደገና ብቅ ሲል የሰላማዊት ቢጫ የዝናብ ልብስ ይታያል። ግራና ቀኙ ገብስ ነው፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ለጤፍ የለሰለሰ ጥቁር እርሻ። ታድሎ ማርቆስ በነበረ ጊዜ በዚህ መንገድ አብረን መጥተናል። ያኔ ፊት የሚነዳው እሱ ነበር። መታጠፊያው ላይ ይቆማል፣ ስንደርስ ምንም ሳይል ይነሳል። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። አሁን የሚቆምልን ሰው ሲታጣ ነው መንገዱ ይህን ያህል ጠመዝማዛ መሆኑን ያየሁት።

ጠጠሩ ሲያልቅ ዋልካው ጀመረ። የዋልካ ጭቃ ማንሸራተቱ ብቻ አይደለም፤ ይለጠፋል። በፊት ጎማውና በጭቃ መከላከያው በፓራፋንጎው መካከል እየተጠቀጠቀ ገብቶ የእኛ ሞተር ጎማ አልዞር አለ። ወደቅን ማለት አይቻልም፤ ቀስ ብለን በጎናችን ተኛን። ጭቃውን በእንጨት ብንጎረጉረውም ጥቂት ሄዶ እንደገና ያዘ። በመጨረሻ ብሎኖቹን ፈትቼ ፓራፋንጎውን አወለቅሁትና ከኋላ በገመድ አሰርነው። ከዚያ ወዲህ ጎማው ጭቃውን በቀጥታ ወደ ይበልጣል ፊት ይረጭ ጀመር።

"መምህር፣ ራስህ ጥቁር ሰሌዳ ሆንክ እኮ" አለው ሙሉቀን።

"ጠመኔ ካለህ ና ጻፍብኝ" አለ ይበልጣል፣ መነጽሩን እየጠረገ።

ቁይ

ቁይ የደረስነው የገበያ ቀን ባልሆነ ቀን ነውና መንገዱ ጭር ብሏል። አንድ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ በላን። ከበላን በኋላ ሰላማዊት አገልግሉን ከፈተችው። ነጠላው በጠላ ርሷል፤ ጽዋው ከግማሽ በታች ወርዷል።

"ጎዶሎ ጽዋ አልሰጠውም" አለች።

"ትንሽ ውኃ ብንጨምርበትስ?" አለ ሙሉቀን። ሦስታችንም አየነው። "ተውኩት" አለ።

ፊት ለፊት ያለው ጠላ ቤት ገባን። ባለቤቲቱ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ሰላማዊት ነገሩን አስረድታ ስንት ነው ብትላቸው ተቆጡ።

"ለጽዋ ጠላ እሸጣለሁ እንዴ እኔ? ወዲህ በይው።"

ከአዲሱ ጋን ቀድተው በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው እስከ አፉ ሞሉት። "ስትቀምሱት ወለተ ማርያም ብላችሁ አስቡኝ" አሉ፣ ክርስትና ስማቸውን ነግረው። ስንወጣ ሙሉቀንን በዓይናቸው መዘኑት። "አንተ ደግሞ ቀስ ብለህ ንዳ።"

ወንዙ

ከቁይ ወዲያ ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ። በበጋ ጫማ ሳያወልቁ የሚሻገሩት ነው፤ በሐምሌ ግን ደፍርሶ እስከ ጉልበት ይሞላል። ማዶ አንድ አዛውንት ገበሬ፣ ጋቢያቸውን በላስቲክ ሸፍነው፣ ሁለት በሬ ይዘው ውኃው እስኪጎድል ቆመዋል።

"ምን ይዛችሁ ነው በዚህ ዝናብ?" ብለው ተጣሩ።

"ጽዋ ነው አባባ" አለች ሰላማዊት። "የማርያም።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ቁምጣቸውን ሰብስበው፣ ውኃውን በዱላቸው እየለኩ ወደ እኛ ተሻገሩ። ሰላማዊትን እጇን ይዘው አሻገሯትና ሞተሮቹን ለመግፋት ተመለሱ። የሙሉቀን ሞተር መሀል ላይ ጠፋ።

"በቅሎ ብትሆን ይሄኔ ማዶ ሣር ትግጥ ነበር" አሉት።

"በቅሎ ፍሬን አላት አባባ?"

"ለሚያውቅባት አላት።"

ዳር ካወጣነው በኋላ ካንዴላውን ፈትቼ በሸሚዜ አደረቅሁት፤ ሞተሩ ተነሳ። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን፤ ነገርናቸው።

"ታድሎ? ትናንት በማርያም አብረን ነበርን እኮ" አሉ።

ቤተ ክርስቲያን ተገናኝተው መስሎን አመስግነን አለፍን።

የታድሎ ቤት

ታድሎ ከቤቱ በታች ከብቶቹን ሰብስቦ ለጤፍ የለሰለሰውን መሬት ያስረግጥ ነበር። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ቀና አለ፤ ጅራፉን ጥሎ እየሮጠ መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ያቀፈውን ሁሉ ጭቃ አደረገው፤ እኛም ብንሆን ከእሱ አንሻልም ነበር። ከስቷል። መዳፉ ሻክሯል።

"እናንተ እብዶች" አለ እየሳቀ። "በዚህ ዝናብ?"

ከዚያ ዓይኑ አገልግሉ ላይ አረፈ። ሳቁ ቆመ።

እናቱ እማማ የሺ ወደ ቤት አስገቡን፣ እሳቱን ቆሰቆሱ፣ ጋቢ አለበሱን። ሰላማዊት ግን አልተቀመጠችም። ጽዋውን ከነጠላው አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

"ተራህ ነው" አለችው።

ታድሎ እጁን አልዘረጋም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሰላማዊት ጽዋውን ዝቅ አላደረገችውም።

"ንገራቸው እንጂ ልጄ" አሉ እማማ የሺ። "ዝናብ መትቷቸው የመጡ ናቸው።"

"የአባቴን ቦታ ይዣለሁ" አለ ታድሎ። "በዚህ አገር ማኅበር። በቀብሩ ማግስት ሽማግሌዎቹ መጥተው ሰጡኝ። እሱም የማርያም ነው። እሱም ሃያ አንድ ነው።"

ያን ጊዜ ነው የአዛውንቱ ንግግር የገባኝ።

"ምነው ታዲያ አትነግረንም?" አለ ይበልጣል።

"ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ?"

ታድሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በየገበያው ቀን ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እወጣለሁ። ከነገርኳችሁ ግን ከእናንተ መውጣቴ ነው። ስልኩን እይዝና ስለ በሬው አወራለሁ።"

"የእኛን ቀን ብናዛውረውስ?" አለች ሰላማዊት።

"ማርያምን ከሃያ አንድ ወዴት ታዛውሪያታለሽ ልጄ?" አሉ እማማ የሺ። አባባላቸው የቁጣ አልነበረም፤ ያዘኑላት ይመስለኛል።

"ብቀበል በሃያ አንድ መደገስ አለብኝ" አለ ታድሎ። "ሁለት ቦታ አልቆምም። የአባቴን ብለቅ ደግሞ የእሱ ስም እዚያ መጠራቱ ይቀራል። አልቀበልም ብዬ እንዳልመልሳችሁ ይህን ሁሉ መንገድ መጥታችኋል።"

ነገሩን የፈቱት እናቱ ናቸው። "ተቀበል" አሉት። "ቅመስ፣ አቅምሳቸው፤ ከዚያ በእጅህ ለምታምነው ስጥ። ጽዋ የሚያስረክብ የተቀበለ ሰው ነው፤ ሳይቀበል የሚሰጥ የለም።"

ታድሎ ወጥቶ በጣራው ፍሳሽ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። እማማ የሺ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ጽዋውን ተቀበለ፣ ተሳለመው፣ ቀመሰ። ለእናቱ፣ ከዚያም ለእኛ በየተራ አቀመሰን። ወለተ ማርያምንም አሰብን። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከዚያ ጽዋ ብዙ ጊዜ ቀምሻለሁ፤ ያን ቀን ግን ቶሎ አልዋጥኩትም።

ወዲያው ንፋሱ በርትቶ አንዱን ሞተር ጣለው። ሦስታችን ወጣን፤ ሞተሮቹን ወደ በረቱ ጥግ ለማስጠጋት ጥቂት ቆየን። እማማ የሺ ምግብ ሊያቀርቡ ጓዳ ነበሩ። ስንመለስ ጽዋው በነጠላው ተጠቅልሎ ሰላማዊት እቅፍ ውስጥ ነበር። ለማን እንደሰጠው መጠየቅ አላስፈለገንም። የድንች ወጥ በላን። ታድሎ ስለ ማርቆስ ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀን፤ ስለ ማኅበሩ አልጠየቀም።

መልስ

እስከ ወንዙ ሸኘን። ውኃው ጎድሎ ስለነበረ እገዛ አላስፈለገም፤ እሱ ግን ገብቶ ሁለቱንም ሞተር ገፋ። ማርቆስ የገባነው ሳይጨልም ነው። ጭቃችንን ሳንታጠብ ጋሽ ፈንታ ቤት ሄደን ነገርናቸው።

"እንግዲያ የአባቱን ቦታ ይዟል" አሉ። "እኔም ብሆን ሌላ አላደርግም።"

የነሐሴውን ሰላማዊት ደገሰች። በመስከረም የታድሎ ቦታ ለአንድ ጎረቤታችን ተሰጠ፤ ደግ ሰው ነው፣ አይቀርም። ዐሥራ ሁለት ሆነናል።

ከጉዞው የተማርኩትን ብጠየቅ ይህን እላለሁ። እኛ በየወሩ ባዶ ቦታውን እያየን ስንቀየም፣ እሱ በዚያው ቀን ያንኑ ጸሎት ሲያደርስ ነበር። ሰውን አክብረን ያልጠየቅነው ጥያቄ ወራት አራራቀን፤ ብንጠይቀውም ኖሮ አብሮን አይሆንም ነበር፤ ቢያንስ ግን አንቀየምም ነበር። አሁን ይበልጣል ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፣ መንገዱም እንደዚያ ቀን አይደለም። በሃያ አንድ ዳቦ ሲቆረስ ከቁይ ወዲያም እየተቆረሰ እንደሆነ አስባለሁ፤ ድርሻዬን እስክበላ ድረስ ከእሱ ጋር ነኝ።

የጻፍኩት ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው። አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ የተሳሳትኩትን አርሙ፣ የጎደለውን ጨምሩ። ይበልጣል፣ የዚያን ወንዝ ስም ታድሎ ነግሮህ ነበር፤ ከእኔ ጠፍቷል። ሙሉቀን፣ አዛውንቱ ስማቸውን ለአንተ የነገሩህ ይመስለኛል። ሰላማዊት፣ "ሦስታችን ወጣን" ካልኩት በኋላ ያለውን ቦታ ለአንቺ ትቻለሁ። ጽዋውን ሲሰጥሽ ያለሽን እኔ አላውቅም። ካልከበደሽ እዚያ ላይ ጻፊው።