ለልጅ ልጄ የተሰቀለው ማይክ

የልጅ ልጄ ድምፅ «ሳሳ» ተብሎ ከገዛ ባንዷ ዘፈን ሊወጣ ነበር። ድምጿ አልሳሳም። ለሷ የማይሆን ማይክ ሰጧት፤ የሚሆነውን ለጓደኛዋ ሰጡት፤ ከዚያ ሁለቱን አወዳድረው እሷ ተሸነፈች አሉ። በደሉ ይህ ነው። ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ይህን ግን ሌላ ሰው እስኪጽፍልኝ መጠበቅ አልፈለግኩም።

ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ፣ የኔ ልጅ፣ ስትሞትባት ገና ትንሽ ነበረች። ለቀስተኛው ሁሉ «አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ» ይላት ነበር። አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የሌላት ልጅ ሆና አደገች። ከላፍቶ ታክሲ ስንሳፈር «ወራጅ አለ» የምልላት እኔ ነበርኩ፤ እሷ ካለችው ረዳቱ ስለማይሰማት ሰፈራችንን አልፈን እንሄዳለን። ስለዚህ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ከያዘች በኋላ ከሦስት ወንዶች ጋር ባንድ እንዳቋቋመች ስትነግረኝ ጊታር ትመታለች ብዬ አሰብኩ።

«አይደለም፣ እማዬ። የምጮኸው እኔ ነኝ።»

«ምን ብለሽ?»

«ስትሰሚው ይገባሻል።»

ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ለቀቅኩላቸው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና አሮጌ ፍራሽ ሰቀሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እቃቸውን አገናኝተው ሲጀምሩ የሮቶው ክዳን ተንቀጠቀጠ። በዚያ ሁሉ መሃል የልጄ ድምፅ ወጣ። ከሆድ የተነሳ፣ የሚሻክር፣ የማያልቅ ጩኸት። የማጥበውን ልብስ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ነገር በውስጧ ይዛ ነበር እንዴ የኖረችው?

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት፤ ነጠላዋን ለለቅሶ ዘቅዝቃ፣ ሌሎች ሴቶች አስከትላ።

«እኔን! ማን ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ዘፈን ነው።»

«ይሄ? ይሄ ዘፈን ነው?»

«ሮክ ይሉታል።»

ጆሮዋን ወደ ጓሮው አዘንብላ አዳመጠች። «እንግዲህ አንዴ ለለቅሶ ብለን ወጥተናል፣ ባዶአችንን አንመለስም» ብላ ገብታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ዘፈኑ ሲያልቅ ከሁላችንም ቀድማ ያጨበጨበችው እሷ ናት።

ማይኩን ያመጣው ጊታር የሚመታው ልጅ ነው። የጸሎት ቤታቸው መዘምራን አዲስ ሲያገኙ የተዉት የእጅ ማይክ ነው፤ ጭንቅላቱ ተጨርምቷል። ልጄ ግን ወደደችው። አያያዙን ለመልመድ ብዙ ደከመች። መጀመሪያ ጭንቅላቱን በመዳፏ ሸፍና ስትይዘው ያፏጭባት ነበር፤ ድምፁም ትራስ ውስጥ እንደገባ ይታፈናል። በኋላ እጀታውን ብቻ ይዛ፣ ከንፈሯ ሊነካው እስኪደርስ አስጠግታ መጮኽ ያዘች። ስትጎነበስ ማይኩ አብሯት ይጎነበሳል፤ ቀና ስትል አብሯት ቀና ይላል። ለምን ጀርባዋን ለኛ ሰጥታ ፊቷን ወደ ድራሙ እንደምታዞር ጠየቅኳት።

«ማይክ ፊትና ጀርባ አለው፣ እማዬ። ፊቱ ወደ አፌ ከሆነ ጀርባው ወደ ድራሙ ይሆናል። በጀርባው በኩል ያለውን ብዙም አይሰማም።»

«ያልፈለገችውን እንደማትሰማው እንደ አክስትሽ በይኛ።»

እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ዘፈን ለመቅዳት ሲወስኑ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። ስቱዲዮው ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ፣ ከቀለም መሸጫ በላይ ነው። ባለቤቱ ጎልማሳ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መዝሙርና የሠርግ ዘፈን ይቀዳል። በአክብሮት ተቀበለኝ፤ ሶፋ ላይ አስቀመጠኝ፤ ውሃ አመጣልኝ። ይህንን አልክድም። ከዚያ ከሳጥን ውስጥ በከፋይ ጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ማይክ አወጣና ከብረት ላይ ዘቅዝቆ በላስቲክ ሰቀለው። ፊት ለፊቱ እንደ ወንፊት ያለ ክብ ጨርቅ ተከለለት።

«ይሄን ለሴት ዘማሪዎች ብቻ ነው የማወጣው» አለ። «ትንፋሽ እንኳ አያመልጠውም።»

«በእጄ የምይዘው ቢሆን ይሻለኛል» አለች ልጄ። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ ሰማኋት። እሱም ሰምቷታል።

«አይ እህቴ፣ አንቺማ ምርጡ ይገባሻል!»

መስታወት ባለው ክፍል ውስጥ አቆማት። እንዳትነቃነቅም ነገራት። አንዴ ስትጮህ ስፒከሩ ተንጫጫ።

«ወደ ኋላ በይ።»

ሄደች። ጮኸች።

«አሁንም ወደ ኋላ።»

ጀርባዋ ግድግዳው ጋ እስኪደርስ ድረስ አስሄዳት። እጆቿ ምን እንደሚይዙ ጠፍቷቸው ተንጠልጥለዋል። በስፒከሩ የሚመጣው ሌላ ግቢ ውስጥ የምትጮህ የሌላ ሰው ልጅ ድምፅ ይመስላል። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ለሷ አልነገራትም፤ ወደ ወንዶቹ ዞሮ «ሳሳ» አላቸው። «አንተ እስቲ ሞክር።»

ጊታር የሚመታውን ልጅ ነው ያለው። ለሱ የእጅ ማይክ ሰጠው። ልጁ አፉ ላይ ለጥፎ ሲጮህ ክፍሉ ሞላ።

«ይኸው! የሚፈለገው ይሄ ነው። እሱ ይጩህ፣ እሷ ከኋላ ትቀበል።»

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማንም አልተቃወመም። እኔ ተነሳሁ።

«አንተ፣ ለሷ ያኛውን ለምን ሰጠሃት?»

«እማማ፣ ነገሩ የማይክ አይደለም፣ የድምፅ ነው።»

«እሱስ በተሰቀለው ለምን አልሞከረም?»

«በሱ ላይማ እንዲህ አይጮኽበትም፣ ይጎዳል እኮ።»

«እሷ ስትጮህበት አይጎዳም?»

ሰዓቱን አየ። «ሌሎች ሰዎች እየጠበቁኝ ነው፣ እማማ» አለኝ። ቀጠሮውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አደረጉና ወጣን። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ያልኩት እንደ ድሮው እኔ ነኝ።

ጊታር የሚመታው ልጅ በሌላ ታክሲ ተከትሎን መጥቶ የቤታችን በር ላይ ቆመ።

«እማማ፣ እኔ እኮ አልፈለግኩም።»

«አልፈለግክም፤ ግን ጮህክ።»

አንገቱን ደፋ። «እውነትዎን ነው» አለ። ግባ አልኩት፤ ምን ላድርገው፣ እሱም ልጅ ነው። ሻይ ጠጥቶ ሄደ። እሷ መሬት ላይ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ጣለች። ሹሩባዋን መፍታት ጀመርኩ።

«ተዪው፣ እማዬ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል።»

«ምናልባቱን ለጊዜው በር ላይ እናቁመው። አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እሱ በያዘው ማይክ፣ እሱ በያዘበት አያያዝ፣ አንድ ጊዜ መሞከር። ከዚያ ካልሆነ አልሆነም፤ እቀበላለሁ።»

«ታዲያ ለሰውየው ለምን አልነገርሽውም?»

«ነግሬዋለሁ እኮ» አለች።

እውነቷን ነው፤ ነግራዋለች። እጄ ጸጉሯ ላይ ቆመ። ለካ ድምፅ የላትም የምንለው ስትናገር ስለማንሰማት ነው። ቀስ ብዬ መፍታቴን ቀጠልኩ። ስጨርስ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ እግሬ እስኪደነዝዝ አልቀሰቀስኳትም።

በሰፈራችን ለበዓል የቅርጫ በሬ ሲታረድ መደቡን የማየው እኔ ነኝ። ከጉበቱም፣ ከጎድኑም፣ ከሻኛውም ለየመደቡ እኩል መድረሱን ሳላይ ዕጣ አይጣልም። ዕጣ የሚጥለውም ሰው የማን ምልክት የትኛው መደብ ላይ እንደሚወድቅ እንዳያይ ፊቱን ያዞራል። እንዲህ ስናደርግ ኖረን በሥጋ የተኳረፈ ጎረቤት የለንም። ለድምፅም ይኸው ይሁን ብዬ ወሰንኩ።

ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሜ ደረጃውን ወጣሁ።

«እማማ፣ ደግሞ መጡ?» አለ ሰውየው።

«መጣሁ። ሁለቱም በአንድ ማይክ ይጩሁ። በእጅ ይያዙት፣ እኩል ያስጠጉት። አንተ ደግሞ ወደ ግድግዳው ዞረህ ስማ። ማን እንደጮኸ ሳታይ የሚሻለውን ንገረኝ።»

«ዓይኔንም በነጠላዎ ይሸፍኑኛ!»

«ካስፈለገ እሸፍንሃለሁ።»

ወንዶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ግን ወንበሩን አዞረ። መጀመሪያ ልጁ ጮኸ፤ ጥሩ ጮኸ። ቀጥሎ ልጄ ገባች። ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች፤ እግሮቿን ከፈት አድርጋ ትንፋሿን ስባ ገና ሳትጀምር፣ ሰውየው ወደ ግድግዳው እንደዞረ ተናገረ።

«እማማ፣ ይሄ ሥጋ አይደለም። በትንፋሿ አወቅኳት።»

ዕቅዴ ፈረሰ። አፈርኩም፤ በሬና ሰው አንድ አለመሆኑን ማሰብ ነበረብኝ። ግን ያኔ ጮኸች። ከጉልበቷ ተጣጥፋ፣ ማይኩን ከአፏ ሳትነጥል፣ ጓሮዬ ውስጥ እንደምትጮኸው ጮኸች። የሶፋው እንጨት ከስሬ ተንቀጠቀጠ። ጊታር የሚመታው ልጅ ተነስቶ ይዘል ጀመር። ሰውየው ማየት ይችል ነበር፤ ማን እንደሆነች ካወቀ በኋላ የሚከለክለው አልነበረም። እሱ ግን አልዞረም። ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ እስከ መጨረሻው ሰማ።

ስትጨርስ ተነስቶ መስታወቱ ጋ ሄደና ከውጭ ወደ ክፍሉ በሚያወራባት ትንሽ ማይክ ለራሷ ነገራት፤

«እህቴ፣ ጥቂት ወደ ጎን አዘንብዪው፣ ትንፋሽሽ ቀጥታ እንዳይመታው። ሌላውን እንደለመድሽው አድርጊው። አሁን ዘፈኑን እንቀዳለን።»

«ማን ይጮኻል?» አለች፤ እንዲነገራት ፈልጋ።

«አንቺ ነሻ!» አለ ጊታር የሚመታው ልጅ፣ ከሰውየው ቀድሞ።

ከምሳ በኋላ ጨረሱ። ልጄ ልብሷ በላብ ተጣብቆባት ወጥታ አቀፈችኝ። ልቧ ሲመታ ደረቴ ላይ ይሰማኛል። ከዚያ ከጓደኞቿ ጋር እየተገፋፋች ደረጃውን ወረደች። እኔ ቀረሁ። ሰውየው ገመዱን በክንዱ ላይ እየጠቀለለ ነው፤ የተሰቀለው ማይክ በከፋይ ጨርቁ ተሸፍኗል።

«እንግዲህ ሥራው አምሯል፣ እማማ፤ ያለፈውን ይተዉት።»

«እተወዋለሁ። ግን መጀመሪያ መልስልኝ። ያን ቀን ለምን ያኛውን ሰጠሃት?»

«ያከበርኳት መስሎኝ ነው። ካለኝ ሁሉ ውዱ እሱ ነው።»

«ማክበርህን አይቻለሁ። የጠየቅኩህ ግን ሌላ ነው።»

ገመዱን ጠቅልሎ ጨረሰ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሴት ናት ብዬ ነው፣ እማማ» አለኝ። «ድምጿን ሳልሰማ ነው የመረጥኩላት።»