የእህቴ ሁለት ደብዳቤዎች

ታላቅ እህቴ በሥዕል ተመርቃ ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ውስጥ የጭነት መኪና በር ላይ አንበሳና መልአክ ትስል ነበር። ከሥሩ በብሩሽ የምትጽፈውን ጥቅስ የምፈጥረው እኔ ነበርኩ። መኪኖቹ ጅቡቲ ይወርዳሉ፤ እኛ ማታ ማታ ከከተማው ባቡር ወርደን ወደ ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ ለሚሄደው ታክሲ እንሰለፋለን።

ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ትምህርት ቤት አገኘች። አንዱ እዚሁ ከተማ ነው፤ ከጋራዡ ሳትወጣ ማታ ትማራለች። ሌላው ናይሮቢ ነው፤ ሁለት ዓመት ትሄዳለች። ሁለቱም ለምን እንደመረጠቻቸው የሚያስረዳ ደብዳቤ ጠየቁ። «አማርኛውን ጻፍልኝ፣ እኔ እተረጉመዋለሁ» አለችኝ።

የእዚሁን ከተማ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አሳመርኩት። የናይሮቢውን «ትምህርት ብርሃን ነው» ብዬ ጀምሬ በአራት መስመር ጨረስኩት።

ሰልፉ ላይ ቆማ ሁለቱንም አነበበች።

«ለሹፌር እንኳ እንዲህ አትጽፍም!»

«ደክሞኝ ነው።»

«ውሸታም! እንዳልሄድ ነው አይደል?»

መካድ አልቻልኩም። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ የትም የሚያስገባ ወረቀት የለኝም።

«አንቺ ከሄድሽ ጥቅሶቼን ማን ይጽፋቸዋል?» አልኳት።

«እጅ የለህም እንዴ? ብሩሽ ያዛ!»

ጀርባዋን ሰጠችኝና እስክሪብቶዋን በትከሻዋ በኩል አቀበለችኝ። ተራችን ደረሰ፤ ታክሲው ላይ አልተሳፈርንም። የናይሮቢውን ወረቀት ጀርባዋ ላይ ዘርግቼ እንደገና ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ጥሩ እየሆነ መምጣቱ ታወቀኝ፤ ላበላሸው ፈለግኩ፣ እጄ ግን እምቢ አለ።