በሩ ሳይዘጋ ገመዱ አይፈታም

ወደቡ ላይ ወንድሜን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሁሉም «ሰንሰለት» ነው የሚሉት። መኪናና ሰው ወደ ማዶ የሚያሻግረው መርከብ ላይ ሲቀጠር የመጀመሪያ ሥራው የጭነት መኪኖችን ከወለሉ ጋር በሰንሰለት ማሰር ስለነበር ቅጽል ስሙ እዚያው ወጣለት። በኋላ የፊት በሩን ከፍቶ የሚዘጋው እሱ ሲሆንም ስሙ አልለቀቀውም። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፤ ትኬት ቆራጭ ነኝ፤ በጠባብ መስኮት የሰው እጅ ሳይ ነው የምውለው። ስለ እሱ «አብዶ ነበር» የሚሉትን ሰምቼ ማለፍ ስላቃተኝ ነው ይህን የምናገረው። ዝም ማለት ድሮም አልፈጠረብኝም።

ተጫዋች ሰው ነበር። ያረጀ መኪና ይዞ የመጣ ሹፌር ካገኘ «ልጭናት ወይስ ልቅበራት?» ብሎ ሳይነካው አያሳልፈውም። ሚስቱ ጥላው ከሄደች በኋላ አንዲት ልጁን ለብቻው አሳደጋት። ጠጉሯን እንኳ የሚሠራላት እሱ ነበር። «ገመድ የሚገምድ ጣት ሹሩባ ያቅተዋል?» ብሎ ጀመረ፤ ልጅቷ የመርከብ ገመድ የመሰለ ነገር በጭንቅላቷ ተሸክማ ትምህርት ቤት ሄደች፤ አልቅሳ ተመለሰች። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ውሎ አድሮ ከሴቶቹ የተሻለ ሠሪ ሆነ። ልጅቷ አደገችና ከውሃው ማዶ የነርስነት ትምህርት ቤት ገባች። እሑድ እቤት ትውልና ሰኞ ጠዋት በዚያው መርከብ ትመለሳለች። ከዚህች ልጅ ሌላ በዓለም ላይ ምንም አልነበረውም።

አሁን ስለ በሩ ልንገራችሁ። የመርከቡ አፍንጫ ራሱ በር ነው። ወደቡ ላይ ሲወርድ መኪኖች በላዩ ይገባሉ፤ ሲነሳ ውሃውን የሚከለክለው እሱ ነው። መዘጋት ያለበት መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ደንቡም በትልቁ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ችግሩ ጭሱ ነው። የታችኛው ፎቅ ጭስ ማስወጫ ማራገቢያዎች ከተቃጠሉ ቆይተዋል። የግማሾቹ መኪኖች ባትሪ የሞተ ስለሆነ፣ አንዴ ከጠፉ አይነሱም ብለው ሹፌሮቹ ሞተር አያጠፉም። እናም በሩ ትንሽ ገርበብ ብሎ ይቀራል፤ ጭሱ እስኪወጣ። ከዚያ ወንድሜ ይዘጋዋል። ካፒቴኑ ካለበት ላይኛው ክፍል በሩ አይታይም፤ መዘጋቱን የምታሳየውም መብራት ከጠፋች ሰንብታለች። ከታች ማንም ካልጮኸ ሁሉም ሰላም ነው ተብሎ ይኬዳል። ይህን ማንም አልወሰነውም። እንዲሁ ተለመደ።

አንድ ቀን ንፋሱ አቅጣጫውን ቀየረ። ወንድሜ ጭሱ እስኪቀል ቆሞ ሳለ ማዕበል በክፍተቱ በኩል ዘሎ ገባና እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደረሰ። በሩን ዘጋው። ውሃው ግን ወለሉ ላይ ወዲህና ወዲያ ሲንሸራተት፣ መርከቡ በሙሉ ውሃው ወደሄደበት ጎን አዘነበለ። መኪኖቹ በሰንሰለታቸው ላይ ተንጠራሩ። ከዚያ ተመልሶ ቀና አለ። ላይ የነበሩት ተሳፋሪዎች ምንም አልታወቃቸውም። ለካፒቴኑ ሲነግረው «ጎበዝ፣ ደርሰህላታል» አለው፤ በዚያው አለቀ።

ወንድሜ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ቀልዱ ጠፋ። ምግብ ቀርቦለት ወንበሩ ላይ ያዘነብላል፤ ያቺ ማዘንበል ከሰውነቱ አልወጣችም። ማራገቢያው ይሠራ ብሎ ቢሮ ተመላለሰ፤ «ተጠይቋል» ይሉታል። የደኅንነት ተቆጣጣሪዎችም መጥተው ነበር። አመጣጣቸው ሠርግ ጠሪ ይመስል አስቀድሞ ተነግሮን፣ የዚያን ቀን በሩ በጊዜ ተዘጋ፣ ሞተር ሁሉ ጠፋ፣ የሕይወት አድን ሰደርያዎቹ ከተቆለፈባቸው ወጥተው ተደረደሩ። አመስግነው ሄዱ፤ ሰደርያዎቹም ወደ ቁልፋቸው ተመለሱ።

ሲሰለቸው በራሱ ሥልጣን በሩን ከመነሳት በፊት መዝጋት ጀመረ። ሹፌሮቹ በጭስ ታፈኑ፣ ሰደቡት፣ አንዱም ራሱን ስቶ ወደቀ። ይህ ለካፒቴኑ በቂ ነበር። «ለደረትህ ንጹህ አየር ይሻልሃል» ብሎ ከመርከቡ አወረደውና ወደቡ ላይ ገመድ አሳሪና ፈቺ አደረገው። ደግነታቸው ገደለኝ! በሩን ራሱ ያሠለጠነው ረዳቱ ተረከበው።

ያ ሰኞ ጠዋት ከነንፋሱ ነጋ። ወደቡን ከማዕበል ከሚጋርደው ጉብታ ወዲያ ውሃው ነጭ በነጭ ሆኗል። መኪኖቹ ገቡ፣ ጥሩንባው ተነፋ፣ ገመዱ ግን አልተፈታም። ከትኬት ቤቴ አንገቴን ባወጣ፣ ወንድሜ ገመዱ የተጠመጠመበት የብረት ጉቶ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ልቀቅ እንጂ!» አለው ረዳቱ ከበሩ ሥር።

«ዝጋና እለቃለሁ።»

«ጭሱ ሲወጣ ይዘጋል። አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው ያስተማርኩህ። ዝጋው።»

ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ «ሰንሰለት፣ ምን ነካህ? ሕዝብ እያጉላላህ እኮ ነው!» አለ። ተሳፋሪውም ከላይ አወረደበት፦ «አብዷል!» «ከመርከብ ቢያወርዱት ቂሙን በእኛ ይወጣል!» ሮጬ ሄጄ እጅጌውን ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ከሥራ ያባርሩሃል።»

«ያባርሩኝ። ውሃውን አላየሽውም?»

በዚህ መሐል ልጁ ነጭ የተማሪ ልብሷን እንደለበሰች ከላይኛው ፎቅ አጥር ላይ ብቅ አለች። ፊቷ በኀፍረት ቀልቷል።

«አባዬ፣ በናትህ ልቀቀው! ፈተና አለብኝ። ሰው እየሳቀብን ነው!»

ቀና ብሎ አያት። «ይሳቁ፣ የኔ እናት። አንቺ ብቻ በሰላም ግቢ።»

በመጨረሻ ካፒቴኑ ተሸነፈ። በሩ ተነሳና ግጥም አለ። ወንድሜ ተነስቶ ዳር ዳሩን በዓይኑ ፈተሸ፣ ከዚያ ገመዱን ፈታ። ከላይ በፌዝ አጨበጨቡለት። ልጁ አላጨበጨበችም፤ እጇንም አላነሳችለትም።

መርከቡ ወደ ኋላ ወጣ፣ ከዚያ መዞር ጀመረ። ጎኑን ሲሰጠን፣ አፍንጫው ላይ የበሩ ጫፍ ከአካሉ ሲላቀቅ አየሁ። እየወረደ ነበር።

«አንቺ፣ ዓይኔ ነው?» አለኝ።

መዋሸት ፈልጌ ነበር። «አይደለም። ለጭሱ እየከፈቱት ነው» አልኩት።

እስከ መሳፈሪያው ጫፍ ሮጠ። ካፖርቱን አውልቆ አውለበለበ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ንፋሱ ወደ እኛ ስለሚነፍስ ጩኸቱ ተመልሶ ለእኛው ነው የተሰማን። ነጯ ልብስ አጥሩ ላይ ትታየኝ ነበር። አየችን፣ ከዚያ ወደ መርከቡ አፍንጫ አየች፣ ከዚያ ዞራ ሄደች። አባቷ እንዲህ እየሆነ ጀርባዋን ትሰጠዋለች ብዬ ታዘብኳት። መርከቡ ከጉብታው ወዲያ ተሰወረ።

የቢሮው ስልክ መርከቡ መገልበጡን ሊነግረን ሲጮህ ወንድሜ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ከውሃው ያገኙትን ሰው እየጫኑ መመላለስ ያዙ። አንዱ ጀልባ በመጣ ቁጥር ነጭ ልብስ እፈልጋለሁ። በአንዱ ረዳቱ ቀርቶ ካፒቴኑ መጣ፤ በሌላው እናትና ልጅ መጡ። መሸት ሲል አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ብርድ ልብስ እንደለበሰ «ሰንሰለት የትኛው ነው?» እያለ ሲጠይቅ ሰማሁት።

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሜ።

ሹፌሩ ዓይኑን ሊያየው አልቻለም። «ልጅህ ታች ድረስ ወረደች። ‹አባቴ ዳር ላይ ቆሞ እየጮኸ ነው፤ በሩን ዝጉት› አለችን።»

«እናንተስ?»

«ሳቅንባት። ‹አንቺም እንደ አባትሽ ነሽ› አልናት።» ብርድ ልብሱን ለቀቀው። «መዝጊያውን ራሷ ልትይዝ ስትሮጥ ነው ውሃው የገባው።»

ብርድ ልብሱ ከትከሻው ወርዶ ነበር፤ ወንድሜ አንስቶ አለበሰው።

«እንደ አባትሽ ነሽ ስትሏት ምን አለች?»

«‹አዎ ነኝ፤ ዝጉት› አለች።»

ወንድሜን ያን ጊዜ ሹፌሩና እኔ ግራና ቀኝ ደግፈን አስቀመጥነው።